ጋምቤላን በእግር

ከጎሬ ተነስቶ በቡሬ በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፣ መንገድ ላይ ሹራቡን ማውለቁ አይቀርም። ጭጋጉ ከኋላ ይቀራል፣ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ይሞቃል፣ ጆሮ ይደፈናል። ጋምቤላ ከተማ ከባህር ጠለል በላይ 526 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ 1,800 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች ማለት ነው።

እዚህ የሚደርሰው እንግዳ አብዛኛው ለስብሰባ የመጣ ወይም ነጭ ጆሮ ቆርኬ ሲሰደድ ለማየት ወደ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የሚያልፍ ነው። ከሆቴል በባጃጅ ይወጣል፣ በባጃጅ ይመለሳል። እኔ ግን ጋምቤላን በእግሩ ያልዞረ ሰው ከተማዋን አይቷታል አልልም። ሲጀመርም የተለካችው በወንዝ ዳር ነውና።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር ሲዋዋሉ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ኢታንግ አጠገብ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለማከራየት ተስማሙ። ልኩ በውሉ ሰፍሯል፦ የወንዙ ዳር ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላው መሬት ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፤ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል። ጣቢያው የኋላ ኋላ የተተከለው ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ዛሬ ከተማዋ ባለችበት ስፍራ ነው። 2,000 ሜትር ሳይቸኩሉ ቢራመዱት የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ያንን ግማሽ ሰዓት ባሮን በጎን አድርጎ የሄደ ሰው፣ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በአንድ ወቅት ወደ ዓለም የወጣበትን በር ከዳር እስከ ዳር ረገጠው ማለት ነው።

ባሮ በአገራችን መርከብ የሚሄድበት ብቸኛ ወንዝ መሆኑን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። መርከቦቹ ከካርቱም ተነስተው ነጭ አባይን ሽቅብ ይወጡ፣ ወደ ሶባት ይታጠፉ፣ ከዚያ ባሮን ይዘው ይመጡ ነበር፤ ያውም ክረምት ወንዙን ሲሞላው ብቻ። ቡናው፣ ቆዳውና ሰሙ ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በኩል በበቅሎ ወርዶ ውሃው እስኪሞላ ይጠብቅ ነበር። ጨውና የጥጥ ጨርቅ ደግሞ በመርከቡ ይመጣ ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች እዚህ ሱቅ ከፍተው ኖረዋል። ጣልያን ገባ፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከኮንጎ የዘመተው የቤልጂየም ጦር አስለቀቀው። በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ዘመንም አበቃ።

እንግዲህ ጉዞው። ሙቀቱን ለመቅደም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መውጣት ያስፈልጋል። በስፔን ደቡብ ያለችው ሴቪያም እንደ ጋምቤላ ከባህር ርቃ በወንዝ ወደብነት ያደገች ናት፤ እዚያም በበጋ ቀትር ላይ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ወደ ማታ ነው የሚወጣው። በጋምቤላ ሙቀቱ መጋቢት ላይ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የኒምና የማንጎ ጥላ የሌለበት መንገድ እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው የእግረኛ።

ወደ አቦቦ በሚወስደው ድልድይ ላይ ቆም ብሎ ወደ ታች ማየት ደስ ይላል። አኙዋዎች ይህን ወንዝ ኦፔኖ ይሉታል። ከአንድ ግንድ ተቦርቡራ የተሠራች ጀልባ ከሥር ታልፋለች። ቀዛፊው ኋላዋ ላይ ቆሞ ረጅሙን ዘንግ አሸዋው ውስጥ ይተክላል፣ በክብደቱ ይገፋል፣ እጅ በእጅ እያለ ወደ ላይ ይስበዋል፣ እንደገና ይተክላል። የጀልባዋ ጠርዝ ከውሃው በላይ የሚታየው ጥቂት ጣት ያህል ነው። ውሃው በጎደለበት ዳር ደግሞ ርጥበቱ ሳያልፍ የተዘራ በቆሎ ቆሟል፤ ጎርፉ የተወውን ደለል ተከትሎ ማረስ የአኙዋ ገበሬ የቆየ እውቀቱ ነው።

ዋና የሚያምረው መንገደኛ ግን የአገሬውን ሰው ሳይጠይቅ አይግባ። በ1958 ዓ.ም. እዚሁ ባሮ ውስጥ አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ በአዞ ተበልቷል። ፎቶ ለማንሳትም እንዲሁ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ወንዙ ለብዙ ሰው መታጠቢያ ቤቱ ነው።

ወደ ኒውላንድ ሰፈር ሲሄዱ ቋንቋው ይለወጣል። አንድ አዛውንት ኑዌር በበራቸው ጥላ ተቀምጠዋል፤ ግንባራቸውን ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚያቋርጡት ስድስቱ መስመሮች፣ ጋር የሚባሉት፣ ከልጅነት ወደ አዋቂነት የተሻገሩበት ምልክት ናቸው። «ማሌ» ብሎ ሰላምታ ያቀረበ እንግዳ ፈገግታ አያጣም። ማሌ ሰላም ማለት ነው፤ ብዙ ግጭትና ብዙ ስደተኛ ባየች ከተማ ቃሉ ከልብ ነው የሚባለው። በማሽላ የሚሠራውን ዋልዋል በወተት የቀረበለት ሰው እምቢ አይበል።

ከቀትር በኋላ ማረፍ ነው። 10 ሰዓት ሲሆን እንደገና ወደ ባሮ። ሴቶች ያጠቡትን ልብስ ከአሸዋው ላይ ይሰበስባሉ፣ የአሳ ጥብስ ሽታ ይመጣል፣ ጠዋት ያየናት ጀልባ አሁን ሁለት ሴቶችና አንድ ኩንታል ጭና ወደ ማዶ ትሻገራለች።