ተርቦ ባለው ሞተር ላይ የአየር መለኪያው የት ይቀመጥ? የደወሌን መንገድ ምሳሌ በማድረግ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በደወሌ ድንበር የሚያልፍ፥ ከዚያም በአይሻና በአዲጋላ አድርጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወጣ መኪና፥ ከባሕር ጠረፍ ወደ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ይደርሳል። ጉዞውን እስከ አዲስ አበባ ከቀጠለም 2,400 ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚሁ አቅጣጫ የሚሄደው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የአየሩ መሳሳት አያስጨንቀውም። ነዳጅ የሚያነድ ሞተር ግን ዳገቱን በወጣ ቁጥር የሚስበው አየር ክብደት ይለወጥበታል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ ይህን አየር የሚመዝነው መሣሪያ ተርቦ ባለው ሞተር ላይ በየትኛው ቦታ ቢቀመጥ እንደሚሻል ነው። ነገሩ ለጋራዥ ሰዎች ብቻ የሚተው መስሎ የሚታየው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሆኖም ልኩ የተሳሳተ እንደሆነ፥ ፒስተኑ በረሓው መካከል የሚቀልጥበት ሾፌሩ ነው።

አስቀድመን በቁጥር እንየው። በባሕር ጠረፍ፥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጊዜ፥ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.13 ኪሎግራም ያህል ይመዝናል። በድሬዳዋ ከፍታ በ35 ዲግሪ 0.99፥ በአዲስ አበባ ከፍታ በ20 ዲግሪ ደግሞ 0.90 ኪሎግራም ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ይነድ ዘንድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። እንግዲህ የአየሩን ይዘት ብቻ ለክቶ ክብደቱን የማያርም መሣሪያ፥ በጅቡቲ የተስተካከለ ቢሆን፥ በአዲስ አበባ ሩብ ያህል ትርፍ ቤንዚን ያስገባል ማለት ነው።

ተርቦ የሚባለው መሣሪያ ከጭሱ ኃይል ወስዶ አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1905 ነበር፤ በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ፥ በ4,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተርቦን ጥቅም አሳየ (ሁለቱም ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለእኛ ለደገኞቹ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

ዛሬ በብዙ መኪናዎች ላይ የሚገኘው አየር መለኪያ በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ሽቦ ወይም ስስ ንጣፍ ነው። የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ሙቀቱን ጠብቆ ለማቆየት የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይልም የአየሩን ክብደት ይናገራል። የዚህን ሒሳብ መሠረት ኪንግ የተባለ ሊቅ በ1914 ጽፎታል። ሽቦው የሚሰማው የአየሩን ጥግግትና ፍጥነት አንድ ላይ አባዝቶ ስለሆነ፥ አየሩ ቢጨመቅም ባይጨመቅም ክብደቱን ማወቅ ይችላል። በመሠረቱ ከተርቦው በፊትም ሆነ በኋላ ሊሠራ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። አስቸጋሪው በተግባር ሲታይ ነው።

ከተርቦው በኋላ ማስቀመጥን የሚደግፉ ሰዎች ያላቸው ክርክር ቀላል አይደለም። መለኪያው ከፊት ሲሆን፥ በእርሱና በሲሊንደሮቹ መካከል ረጅም ቱቦና የአየር ማቀዝቀዣ አለ። የዚህ ሁሉ ሆድ 10 ሊትር ነው እንበል። ሾፌሩ ነዳጁን ሲረግጥ ግፊቱ ከ100 ወደ 180 ኪሎፓስካል ቢወጣ፥ ቱቦውን ለመሙላት ብቻ (አየሩ 60 ዲግሪ ቢሆን) 8 ግራም ያህል አየር ይሄዳል። ባለ 2 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በዚሁ ግፊት በሴኮንድ 94 ግራም ገደማ ይስባል። ስለዚህ ግፊቱ በአንድ ሴኮንድ ከሞላ፥ ከፊት ያለው መለኪያ ከእውነቱ አንድ አሥረኛ ያህል አብዝቶ ይቆጥራል። መለኪያው ከኋላ ቢሆን ይህ ስሕተት በጣም ያንሳል። ነገር ግን ስሕተቱ ነዳጅን የሚያበዛ እንጂ የሚያሳንስ ስላልሆነ፥ ለአንድ ሴኮንድ ጥቁር ጭስ ቢታይ ሞተሩን አይገድለውም።

ከኋላ ያለው መለኪያ የሚከፍለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። በ40 ዲግሪ የገባ አየር 1.8 ጊዜ ሲጨመቅ፥ የመጭመቂያው ብቃት ከመቶ 70 ቢሆን፥ 122 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይወጣል። በአዲስ አበባ ያንኑ ግፊት ለማግኘት 2.4 ጊዜ ያህል መጨመቅ ስላለበት፥ በ20 ዲግሪ የገባው እንኳ 138 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ላይ ከተርቦው የሚያመልጠው ዘይት ሽቦውን ይለብሰዋል። ስለዚህ ከኋላ ይሁን የሚል ሰው ቢያንስ ከማቀዝቀዣው ወዲህ ማድረግ አለበት።

የእኛ አስተያየት ለዚህ መንገድ ከአየር ማጣሪያው በኋላ፥ ከተርቦው በፊት ይሁን የሚል ነው። በዚያ ቦታ አየሩ ንጹሕ ነው፤ ሙቀቱም ከውጭው አየር ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ግዴታዎች አሉት። ከሞተሩ ሆድ የሚመለሰው የዘይት እንፋሎት ከመለኪያው በኋላ ይግባ። ሾፌሩ እግሩን ሲያነሣ ትርፉን ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ አየሩን ወደ ውጭ አይልቀቅ፤ ከመለኪያው በኋላ፥ ከተርቦው በፊት ወዳለው ቱቦ ይመልሰው። ወደ ውጭ ከለቀቀ፥ የተቆጠረው አየር ጠፍቶ ነዳጁ ብቻ ይገባል። ለሚያፏጨው ድምፅ ሲሉ ብቻ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፤ መለኪያውን ከቫልቩ በኋላ ካላዛወሩ በቀር ትርፉ ጥቀርሻ ነው።

የቱቦ መላላትም እዚህ ላይ ይነሣል። ግፊት ባለበት ጊዜ የተቆጠረ አየር በቀዳዳው ይወጣና ነዳጁ ይበዛል። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ግን በዚያው ቀዳዳ ያልተቆጠረ አየር ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ነዳጁ ያንሳል። ከሁሉ የከፋው በመለኪያውና በተርቦው መካከል ያለው ስንጥቅ ነው፤ ተርቦው ሁልጊዜ ስለሚስብ፥ በሙሉ ጭነት ዳገት ላይ ሳይቀር ያልተቆጠረ አየር ያስገባል። ፒስተን የሚያቀልጠው ይህ ነው። አቧራውም ያለ ማጣሪያ አብሮ ይገባል።

በናፍጣ ሞተር ነገሩ ይለያል። እዚያ መለኪያው በተለይ የሚያገለግለው የጭሱን መጠን ለመገደብና ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን ጭስ ለመቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ጥቀርሻው ከሚቀላቀልበት ቦታ ርቆ ከፊት መሆኑ ያለ ክርክር ነው። ብዙ ከባድ ካሚዮኖች ግን የአየሩን ግፊትና ሙቀት ለክተው በሒሳብ ስለሚደርሱበት፥ ይህ መሣሪያ ጭራሹን ላይኖራቸው ይችላል።

በመጨረሻ ለሚገጥመው ሰው፦ ከመለኪያው በፊትም በኋላም ቱቦው በተቻለ መጠን ቀጥ ይበል፤ ወዲያው ከክርን በኋላ ከሆነ አየሩ በአንድ ጎን ተሰብስቦ ያልፋል። ለተርቦው አፍም በጣም አይቅረብ፤ አየሩ ወደ ኋላ ሲመለስ ተራው ሽቦ አቅጣጫ ስለማይለይ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። ማጣሪያው በዘይት የሚነከር ዓይነት ከሆነ ዘይቱ አይብዛ። ሽቦውንም በኮምፕሬሰር አየር አይንፉት፤ ይበጠሳል።