ያውቁ ኖሯል? ያልታጠበ ፊልም በኤርፖርት ሲያልፍ

ከወልድያ አዲስ አበባ ድረስ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በየኬላው ሻንጣ ይከፈታል፣ ልብስ ይገለባበጣል፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይባላል። ተሳፋሪው ይሰለቻል። ካሜራ ውስጥ ላለ ያልታጠበ ፊልም ግን ከዚህ የሚመች ፍተሻ የለም፤ የፈታሽ እጅ ፊልም አያቃጥልም። የሚያቃጥለው የኤርፖርቱ ራጅ ነው።

«ዛሬ ማን ፊልም ይጠቀማል?» የሚል አይጠፋም። ከአባታቸው ቁም ሳጥን ዜኒት ካሜራ አውጥተው ፊልም ከውጭ የሚያስመጡ ወጣቶች አሉ። ለሰርግ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ዘመዶችም ኢንስታክስና አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ካሜራ ይዘው ይወርዳሉ። የዛሬው ዓምድ ለእነሱ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ፊልም ላይ ብርሃን የሚይዙት ጥቃቅን የብር ጨው ቅንጣቶች ናቸው። ቅንጣቶቹ የተበተኑት ደግሞ ከከብት አጥንትና ቆዳ በሚወጣ ጄላቲን ውስጥ ነው። (የጾም ፊልም የለም ማለት ነው።) የብር ጨው ብርሃንን ከራጅ አይለይም፤ የትኛውም ቢነካው ያው ምልክት ይቀርበታል። ፊልሙ የሚቀመጥበት ጥቁር ፕላስቲክም ሆነ የካሜራው ብረት ብርሃን ይከለክላል እንጂ ራጅ አያስቆምም።

ራጅ ለዓለም የተዋወቀው በፎቶግራፍ መሆኑንስ? ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 ነው። በዲሴምበር 22 ቀን የባለቤቱን እጅ ፎቶ ማንሻ መስታወት ላይ አስቀምጦ አጥንቷን ከነቀለበቷ አነሳው።

ፊልም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የፈነዳ ቦምብ እንኳን መዝግቧል። አሜሪካ የመጀመሪያውን የአቶሚክ ቦምብ እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1945 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ከሞከረች በኋላ የኮዳክ የራጅ ፊልም ነጠብጣብ እየሆነ አስቸገረ። የኩባንያው ተመራማሪ ጁልያን ዌብ ምክንያቱን ሲያፈላልግ መጨረሻው ማሸጊያው ካርቶን ሆኖ ተገኘ። ካርቶኑ የተሠራው ኢንዲያና ውስጥ ነው፤ ከቦምቡ የተነሳው ብናኝ በወረደበት የወንዝ ውኃ።

ወደ አገራችን እንምጣ። የፊልም ሳጥን ላይ 100፣ 200፣ 400፣ 800 የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ አይኤስኦ ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፊልሙ በትንሽ ብርሃን ፎቶ ያነሳል፤ ራጅም በዚያው ልክ ቶሎ ይጎዳዋል። ለላሊበላ ፎቶ አንሺ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ጨለማ ነው፣ የገና ሌሊት ብርሃኑ ጧፍና ሻማ ነው፣ በየቅዳሴው መሐል ፍላሽ ማብረቅ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሰውየው ባለ 800 ወይም እንደ ኢልፎርድ ዴልታ 3200 ያለውን ፊልም ይዞ ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያነሳውን፣ በራጅ ቶሎ የሚቃጠለውን ያንን ፊልም፣ በማግስቱ ሹምሸሃ ያለው የላሊበላ አየር ማረፊያ ማሽን ላይ ያስቀምጠዋል።

ጉዳቱ እዚያው ቢታይ ጥሩ ነበር። የሚታየው ሲታጠብ ነው። ጥቁር መሆን የነበረበት ሹሩባ ግራጫ ይሆናል፣ ከጧፉ ጀርባ ያለው ጨለማ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ የቀለም ፊልም ከሆነ ጥላው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ብዙ ሰው ፊልም አጣቢውን ይወቅሳል።

በተለመደው የእጅ ሻንጣ ማሽን ከ800 በታች የሆነ ፊልም ለአንድና ለሁለት ጊዜ ቢያልፍ ለዓይን የሚታይ ጉዳት አይደርስበትም። ይህ እውነት ነው፤ ፈታሾችም «ምንም አይሆንም» የሚሉት ለዚህ ነው። የማይነግሩዎት፣ ራጁ እንደሚጠራቀም ነው። ትናንት ያለፈበት ዛሬ ከሚያልፍበት ጋር ይደመራል፤ ፊልም አርፎ አያገግምም። ከመርሳ ተነስቶ ዋሽንግተን የሚገባ ሰው ይቁጠረው፦ ኮምቦልቻ ኤርፖርት በር ላይ አንድ፣ ከመሳፈሩ በፊት ሁለት፣ ቦሌ ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል ሲገባ ሦስት፣ ወደ መሳፈሪያው ሲያልፍ አራት። አሜሪካ ገብቶ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀይር ከሆነ አምስት። ሲመለስ ደግሞ እንደገና። ስለዚህ «ምንም አይሆንም» የሚለውን መልስ ለአንዱ ማሽን እንጂ ለጉዞው ሁሉ አይውሰዱት።

ፊልም ፈጽሞ የማይገባበት ቦታ የሚጫነው ሻንጣ ነው። ሻንጣዎ ተመዝኖ በቀበቶው ከሄደ በኋላ እርስዎ የማያዩት ሌላ ማሽን ይጠብቀዋል፤ ጨረሩ ከእጅ ሻንጣው ማሽን እጅግ የበረታ ነው። እዚያ አንዴ ያለፈ ፊልም፣ ባለ 100 እንኳን ቢሆን፣ ተስፋ የለውም።

አሁን ደግሞ አዲስ ጠላት መጥቷል። በሆስፒታል የምናውቀው ሲቲ ስካን ዓይነት ማሽን ለእጅ ሻንጣም ሆኗል፤ ሻንጣውን ከየአቅጣጫው በራጅ ያየዋል። እንግሊዝ ትልልቅ ኤርፖርቶቿ እስከ ጁን 2024 እንዲያስገቡት አዝዛ ነበር፣ አንዳንዶቹ ጊዜ ቢራዘምላቸውም። አሜሪካም እየተካች ነው። ኮዳክ አላሪስም ሆነ የኢልፎርድ አምራቾች የሚሉት አንድ ነው፦ በዚህ ማሽን አንዴም ቢሆን አያሳልፉ፣ የአይኤስኦ ቁጥሩም አያድነውም። ማሽኑን በምን ያውቁታል? «ላፕቶፕዎን አያውጡ፣ ፈሳሽም እዚያው ይሁን» ካሉዎት ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ለመንገደኛ ምቾት የሆነው ለፊልም መርዶ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ግን ከፊልም ጎን ነው። የበረራ ደኅንነት ደንቡ፣ መንገደኛው ከጠየቀ ካሜራውና ፊልሙ ያለ ራጅ መፈተሽ እንዳለበት በግልጽ ይደነግጋል። ሌላው ዓለም ላይ ይህ በአብዛኛው የፈታሹ በጎ ፈቃድ ነው፤ እኛም አገር በትሕትና መጠየቅ ነው ያለው። የሚረዳው ዝግጅት ነው፦ ፊልሙን ከካርቶን ሳጥኑ አውጥተው፣ ውስጡ በሚታይ ፌስታል አድርገው፣ ሰልፍ ሳይረዝም ቀደም ብለው ደርሰው፣ «እባክዎ ይህን በእጅ ይዩልኝ፣ ያልታጠበ ፊልም ነው» ማለት። ቦሌ በር ላይ ሁሉም ዕቃ አብሮ ስለሚጫን ፌስታሉን ወረፋው ውስጥ ሳሉ እጅዎ ላይ ያድርጉት። ካሜራው ውስጥ ፊልም ካለ ደግሞ ይናገሩ፤ ፈታሹ «እስቲ ልየው» ብሎ ክዳኑን ከከፈተው ከራጁ የባሰ ጥፋት ነው።

በእርሳስ የተሸፈነ የፊልም ቦርሳ ገዝተው ከሆነ ብዙ አይመኩበት። ስክሪኑ ላይ ውስጡ የማይታይ ጥቁር ነገር ሆኖ ይመጣል፤ ፈታሹ ወይ ሻንጣውን ያስከፍታል፣ ወይ ደግሞ እንደገና ያሳልፈዋል።

የዚህ ሁሉ ፍተሻ ታሪክ ወሎንም ይነካል። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሰባት ወጣቶች ለመጥለፍ ሞክረው ነበር። ከእነሱ መካከል የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ይገኙ ነበር፤ ሙከራው አየር ላይ በተኩስ ከሸፈ። ልክ በአራተኛው ሳምንት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1973፣ በራሷ ጠለፋዎች የተሰላቸችው አሜሪካ እያንዳንዱ መንገደኛና የእጅ ሻንጣው ሳይፈተሽ እንዳይሳፈር አዘዘች። አንዱ የሌላው ምክንያት አይደለም፤ ዘመኑ ግን የጠለፋ ዘመን ነበር።

በዚያው ዓመት ወሎ በረኃብ ያልቅ ነበር። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ከቴምስ ቴሌቪዥን ባልደረቦቹ ጋር መጥቶ ቀረጸው። የቴሌቪዥን ዘገባ በፊልም ጥቅል በሚቀረጽበት በዚያ ጊዜ የውጭ ጋዜጠኛ በተለምዶ ያነሳውን ሳያጥብ ተሸክሞ ነው የሚመለሰው። ዘገባው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዝ ውስጥ ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እነዚያ ጥቅሎች የዛሬዎቹን ማሽኖች አልፈው ቢሆን ኖሮ ምን ይታይባቸው ነበር የሚለው ያስገርመኛል።

ከዲምብልቢ ዘገባ 11 ዓመት በኋላ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየው የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን የኮረም የረኃብ ዘገባ ግን የቪዲዮ ካሴት ዘመን ሥራ ነው። ካሴት በማግኔት እንጂ በብር ጨው ስለማይሠራ ራጅ አይነካውም። ያንን ምስል የቀረጸው መሐመድ አሚን ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

የሰርግ ቪዲዮ ካሴት፣ ሲዲ፣ ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ፦ ራጅ አያስፈራቸውም። ይለፉ።

የታጠበ ፊልምም አያስፈራውም። ከወልድያ ሆስፒታል ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሪፈር የተባለ ሕመምተኛ በትልቅ ቡናማ ፖስታ የሚይዘው የራጅ ፊልም ራሱ ታጥቦ ያለቀ ስለሆነ በስንት ማሽን ቢያልፍ ያው ነው። የድሮ ነጋቲቭም እንዲሁ። ለፎቶ አንሺ ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ እንግዲህ ከመብረር በፊት ማሳጠብ ነው፤ አጣቢ በቅርብ ከተገኘ።

ፊልም ሠሪዎችስ? የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ፣ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተነሱ ናቸው። ፕሮፌሽናሎች ጥሬ ፊልም ሲያጓጉዙ ቆርቆሮው ላይ «ያልታጠበ ፊልም፣ በራጅ አይፈተሽ» የሚል ይለጥፉበታል።

ኢንስታክስ ለያዙ፦ ፊልሙ አይኤስኦ 800 ነው። የሚጣለውን የኮዳክ ካሜራም ይመልከቱ፣ ፈንሴቨር የሚባለውን፤ እሱም 800 ነው። ሁለቱም በእጅ ይፈተሹ። ለሰርግ የመጡ እንግዶች ብዙ ጊዜ የሚያጓጉዟቸው እነዚህኑ መሆናቸው ያሳዝናል።

ሰው አልፎ የሚገባበት የብረት መፈተሻ በር ግን ራጅ የለውም፤ ፊልም አይጎዳም።

ሙቀትንም አይርሱ። ኮዳክ ለፖርትራ ፊልሙ የሚመክረው ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ ቦታ ነው። በግንቦት ፀሐይ መርሳ ላይ ብርቱካንና ማንጎ ለመግዛት መኪና አቁመው፣ ካሜራውን ዳሽቦርድ ላይ ትተው፣ ዋጋ ሲከራከሩ ቢቆዩ ኤርፖርት ሳይደርሱ ጉዳቱን ራስዎ ጀመሩት። ፊልሙን ከእጅ ሻንጣው መሐል በልብስ ይጠቅልሉት፣ ከፍሪጅ ያወጡት ከሆነ ደግሞ ሳይከፍቱት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ፤ ካልሆነ ጠል ይይዘዋል።

«እንግዲያው በፖስታ ልላከው» የሚሉም አሉ። በአውሮፕላን የሚሄድ ጥቅልም በራጅ ይፈተሻል፣ ያውም እርስዎ «በእጅ ይዩልኝ» ለማለት በሌሉበት። ለአገር ውስጥ ከሆነ በየብስ የሚሄድ፣ የሚያምኑት ሰው ይፈልጉ፤ ከወልድያ መናኸሪያ ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ ዘመድ አይጠፋም።