ከሕክምናው በፊት ያለው ውሳኔ፦ የሴቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚደግፉ በጎ አድራጊ ተቋማትን የሚመሩት እነማን ናቸው?

አንዲት ሴት በጡቷ ላይ እብጠት ሲያጋጥማት ወይም በእርግዝናዋ ወቅት ሕመም ሲሰማት ተስፋዋን የምትጥለው በሐኪሟ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሟ ዘንድ ከመድረሷ በፊት ብዙ ነገር አስቀድሞ ተወስኗል። የትኛው በሽታ እንዲጠና፣ ገንዘቡ ለየትኛው አገልግሎት እንዲውል፣ በሩ ለዜጎች ብቻ ወይስ ለነዋሪዎችም ጭምር እንዲከፈት የሚወስኑ ሰዎች አሉ። እነዚህም የበጎ አድራጊ ተቋማት መሥራቾችና የቦርድ አባላት ናቸው። ስማቸው በሕሙማን ዘንድ እምብዛም ባይታወቅም፣ ውሳኔያቸው በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን በሚኖሩ የብዙ ሴቶች ሕይወት ላይ በቀጥታ ያርፋል።

በዚህ ረገድ በቅድሚያ ከሚጠቀሱት አንዱ በሻርጃ የሚገኘው «የካንሰር ሕሙማን ወዳጆች» የተሰኘው ማኅበር ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው በሻርጃ ገዥ ባለቤት በሼካ ጀዋሂር ቢንት ሙሐመድ አል ቃሲሚ ነው። መሥራቿ ገና ከጅምሩ ያስቀመጡት መርሕ ማኅበሩ ዜግነትን፣ ሃይማኖትን፣ ጾታንም ሆነ ዕድሜን ሳይለይ ለሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው የገንዘብና የሞራል ድጋፍ እንዲሰጥ የሚያዝዝ ነው። ይህ መርሕ ከአገሯ ርቃ በሰው ቤት ወይም በድርጅት ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት ትርጉሙ ትልቅ ነው። «እኔንም ይመለከተኛልን?» ለሚለው ጥያቄዋ መልሱ አስቀድሞ በተቋሙ መሠረት ላይ ሰፍሯል ማለት ነውና።

ከማኅበሩ ሥራዎች በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው «ፒንክ ካራቫን» የተሰኘ ዘመቻ ነው። በዘመቻው ፈረሰኞች አጅማንን ጨምሮ በሰባቱም ኤምሬቶች እየተዘዋወሩ ስለ ጡት ካንሰር ያስተምራሉ። ተንቀሳቃሽ ክሊኒኮችም አብረዋቸው እየተጓዙ ለዜጎችና ለነዋሪዎች ያለ ክፍያ ምርመራ ያደርጋሉ። ክሊኒኩ ወደ ሕዝቡ እንዲሄድ መደረጉ ራሱ የአመራር ውሳኔ ነው። የጡት ካንሰር በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ ብዙውን ጊዜ ሕመም አያስከትልም። ስለዚህም ሴቲቱ «ምንም አልተሰማኝም» እያለች ጊዜው ያልፋል። ማሞግራም የተባለው የጡት ራጅ ግን እብጠቱ በእጅ ከመዳሰሱ በፊት ሊያሳየው ይችላል። በጊዜ የተደረሰበት ካንሰር ደግሞ ሕክምናው ይቀልላል፤ የመዳን ተስፋውም ከፍ ይላል። ማኅበሩ «ከሽፍ» በሚል ስያሜ በሚያካሂደው ሌላ መርሐ ግብር ደግሞ የማኅፀን በር ካንሰርን ጨምሮ አስቀድመው ሊደረስባቸው ስለሚችሉ ስድስት የካንሰር ዓይነቶች ግንዛቤ ያስጨብጣል።

በዱባይ የሚገኘው አል ጀሊላ ፋውንዴሽን ከሕክምና ድጋፍ ባሻገር ምርምርንም የሥራው አካል ያደረገ ተቋም ነው። የዱባይ ገዥ ሼክ ሙሐመድ ቢን ራሺድ አል ማክቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ያስጀመሩት ይህ ተቋም ትኩረቱ በሦስት ጉዳዮች ላይ ነው፤ የመክፈል አቅም ለሌላቸው ሕሙማን ሕክምና፣ ለሕክምና ባለሙያዎች ትምህርት እንዲሁም ለሕክምና ምርምር ድጋፍ ይሰጣል። የቦርዱ ሊቀ መንበር ዶክተር ራጃ ኢሳ አል ጉርግ በአገሪቱ የንግድ ዓለም ስመ ጥር ከሆኑ ሴቶች አንዷ ናቸው። ተቋሙ በአሁኑ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2023 በተቋቋመው «ዱባይ ሄልዝ» ሥር ከመንግሥት ሆስፒታሎችና ከሕክምና ዩኒቨርሲቲ ጋር በአንድነት ይሠራል። በዚህም አሠራር ልገሳው፣ ሕክምናውና ምርምሩ በአንድ ጥላ ሥር ተሰባስበዋል።

የምርምር ገንዘብ የሚያከፋፍል ቦርድ ሥራው ቼክ መፈረም ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች ሐሳባቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ በመስኩ የላቁ ባለሙያዎች ይመዝኑታል፤ ቦርዱም የልገሳው ገንዘብ ለታለመለት ዓላማ መዋሉን ይቆጣጠራል። ምርምር ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ በመሆኑ ታግሦ መጠበቅንም ይጠይቃል። ዛሬ ለታመመች እናት መድኃኒት መግዛትና ነገ ሌላዋ እናት እንዳትታመም ጥናት ማስጠናት ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ውስን የሆነውን ሀብት በሁለቱ መካከል ማከፋፈል ግን ከባድ ኃላፊነት ነው።

አንዳንድ ጊዜ መንገዱን የሚያመለክቱት የቦርድ አባላት ሳይሆኑ ችግሩን በቅርብ ያዩ ባለሙያዎች ናቸው። በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት የጡት ቀዶ ሐኪም የሆኑት ዶክተር ሁሪያ ካዚም እ.ኤ.አ. በ2005 የጡት ካንሰር ሕሙማን እርስ በርስ የሚደጋገፉበትን «ብሬስት ፍሬንድስ» የተባለ ስብስብ መሥርተዋል። ስብስቡም ከጊዜ በኋላ ከአል ጀሊላ ፋውንዴሽን ጋር በመጣመር ለሕክምናና ለምርምር የሚውል ገንዘብ ማሰባሰብ ችሏል።

የሕፃናትን ጤና በተመለከተ ሻርጃ የተከተለችው መንገድ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እ.ኤ.አ. በ1991 ጡት ማጥባትን የሚያበረታቱ ሆስፒታሎች እንዲስፋፉ ጥረት ጀምረዋል። ሻርጃ ይህን ሐሳብ ከሆስፒታል አጥር ውጭ በማውጣት «ለሕፃናት ምቹ ኤምሬት» በተሰኘው ዘመቻዋ የጤና ተቋማትን፣ የሥራ ቦታዎችን፣ የሕፃናት ማቆያዎችንና የሕዝብ መገልገያ ስፍራዎችን በአንድነት አካትታለች። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2018 ከዩኒሴፍ ለሕፃናት ምቹ ከተማ የሚል ዕውቅና ማግኘቷ ይታወሳል። የዘመቻው መሪዎች የተገነዘቡት ቁም ነገር፣ እናት ልጇን የምታጠባበት ጊዜና ስፍራ ካላገኘች የሐኪም ምክር ብቻውን ከንቱ እንደሚቀር ነው።

በጎ አድራጎት የሕግን ቦታ የሚተካ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። በዱባይ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሕግ የጤና መድን ግዴታ እንዲሆን አድርጓል። ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሻርጃንና አጅማንን ጨምሮ በሌሎቹም ኤምሬቶች ለግሉ ዘርፍና ለቤት ሠራተኞች የመኖሪያ ፈቃድ ሲወጣም ሆነ ሲታደስ አሠሪው የጤና መድን እንዲገባ ግዴታ ተጥሎበታል። የመድኑን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። መሠረታዊው መድን የማይደርስበት ከባድ ሕክምና ሲያጋጥም ነው የበጎ አድራጊ ተቋማት ድጋፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው።

አመራር ከተጠቃሚው ሕይወት ጋር ሲቀራረብ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ለማየት ለአማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ከኢትዮጵያ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ገብተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በዚያም በተራዘመ ምጥ ምክንያት ልጃቸውን ያጡና ለፌስቱላ የተዳረጉ እናቶችን ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ሕክምናውም ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ወሰኑ።

ከታካሚዎቻቸው መካከል እ.ኤ.አ. በ1962 በምጥ የተጎዱት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ይገኙበታል። ወይዘሮ ማሚቱ ከሕመማቸው ካገገሙ በኋላ በሆስፒታል ረዳትነት ሥራ ጀመሩ፤ መደበኛ ትምህርት ሳያገኙም ከሐኪሞቹ ጎን ቆመው ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ። በኋላም እንደ እርሳቸው የተጎዱ እናቶችን በእጃቸው ያከሙ ሲሆን፣ በሙያው ሊሠለጥኑ የመጡ ሐኪሞችንም አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሃምሊን ባልና ሚስት ጋር የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸላሚ ሆነዋል። ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ቢያርፉም፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሃምሊን አዋላጆች ኮሌጅ ጉዳቱን ከምንጩ ለመከላከል አዋላጆችን ማሠልጠኑን ቀጥሏል።

ከሻርጃ እስከ አዲስ አበባ የታዩት ምሳሌዎች የሚያስረዱት አንድ ነገር ነው። ተቋም የሚመዘነው በሰበሰበው ገንዘብ ልክ ብቻ ሳይሆን፣ መሪዎቹ በሩን ለማን እንደከፈቱና የማንን ችግር እንደሰሙ ነው። በሩ ሲከፈት ደግሞ መግባት የተጠቃሚዋ ድርሻ ነው። በጡቷ ላይ ለውጥ ያየች ሴት ሕመም እስኪሰማት ሳትጠብቅ፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ክትትሏን ሳታዘገይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይኖርባታል። የመድን ካርዷ በእጇ እንዲሆንና ነፃ ምርመራ የሚሰጥባቸውን ቀናት እንድትከታተል ይመከራል። የወር ገቢዋን ለቤተሰቧ የምትልክ ሴት ከሁሉ አስቀድሞ የምትጠብቀው ሀብት ጤናዋ ነውና።