ስሙን መለየት ለሕክምናው ይጠቅማል፦ የአእምሮ ጤናና የአካል ጉዳት አገልግሎት ቃላት

በደቡብ ወሎ አንድ ወጣት ከሰው ሲሸሽ፣ ብቻውን ሲያወራ ወይም በድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስም አንድ ነው፦ «ለከፈው»። ሦስቱ ምልክቶች ግን የተለያዩ ሕመሞችን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ሕክምናቸውም እንደዚያው ይለያያል። በጤና ጣቢያና በማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚነገሩትን ቃላት ለይቶ ማወቅ ቤተሰብን ከድካምና ከወጪ፣ ታማሚውንም ከሥቃይ ያድናል።

የአእምሮ ሕመም አስተሳሰብን፣ ስሜትንና ባሕርይን የሚያውክ፣ ሕክምና ያለው ችግር ነው። ድባቴ ከዓይነቶቹ አንዱ ነው። ሐዘንና ለሁሉ ነገር ፍላጎት ማጣት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ፣ እንቅልፍና ምግብም ሲዛባ ይጠረጠራል። በእርሻ ወቅት በሬ መጥመድ ያቃተው ገበሬ «ሰነፈ» ቢባልም ታሞ ሊሆን ይችላል። ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ መስማት ወይም ያለ ምክንያት «ሊገድሉኝ ነው» ብሎ ማመን ደግሞ እንደ ስኪዞፍሬንያ ያሉ ከባድ ሕመሞች ምልክት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ አስከፊ ነገር ያዩ ሰዎች ዛሬም በቅዠት የሚባንኑ ከሆነ፣ ይህም ስም ያለውና የሚታከም የጭንቀት ሕመም ሊሆን ይችላል።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ከዚህ ይለያል። ከልጅነት የሚጀምር ሲሆን መማርንና ራስን መንከባከብን ያዘገያል። በመድኃኒት የሚወገድ አይደለም፤ ሆኖም ልጁ በትዕግሥት ከተማረ ብዙ ነገር መሥራት ይችላል። ቤት ውስጥ መደበቅ ግን ይህን ዕድል ይነፍገዋል።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም እንጂ እርግማን አይደለም፤ በምራቅም ሆነ በመነካካት አይተላለፍም። የወደቀን ሰው ክብሪት ማሽተት አይረዳውም። ከእሳትና ከውኃ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉም ምንም አለመክተት ይገባል። መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። እንደ ፌኖባርቢታል ያሉ መድኃኒቶች በየቀኑ የሚወሰዱ ናቸው፤ «ተሽሎኛል» ብሎ በድንገት ማቆም ሕመሙን አብሶ ይመልሰዋል።

አካል ጉዳት የሚለው ቃል እጅና እግርን ብቻ አይመለከትም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳትን ያካትታል፤ በማኅበራዊ፣ በኢኮኖሚያዊና በባህላዊ አድልዎ ሳቢያ የሥራ ዕድሉ የጠበበበትን ሰውም ይጠቅሳል። ስለዚህ «ሽባ»፣ «ደንቆሮ» የሚሉት ስድቦች ጉዳቱን የሚያከብዱ እንቅፋቶች ናቸው። ተመጣጣኝ ማመቻቸት ማለትም አሠሪው የሥራውን ቦታ ወይም መሣሪያ ለሠራተኛው እንዲስማማ ማስተካከሉ ነው። ይህ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችንም ይመለከታል። ተሐድሶ ሰውየው ወደ ሥራና ወደ ኑሮው እንዲመለስ የሚደረግ ድጋፍ ሲሆን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መሠረት መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሊያቀርበው ይገባል።

ሪፈር ከጤና ጣቢያ ወደ ከፍተኛ ተቋም መላክ ነው። «አማኑኤል ይግባ» የሚለው አባባል ሕክምናው አዲስ አበባ ብቻ ያለ ያስመስላል፤ ሆኖም በደሴ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። የጤና መድህን አባላት የሪፈር ወረቀቱን ይዘው መሄድ አለባቸው።

ጸበልም ሆነ ዱዓ የታማሚው እምነት ነው፤ መድኃኒቱን ለማቋረጥ ግን ምክንያት ሊሆን አይገባም። ሰውን በሰንሰለት ማሰር ደግሞ ሕክምና አይደለም።

ቤተሰብ የሕመሙን ስም ባያውቅም ያየውን መናገር ይችላል፦ መቼ ጀመረ? በስንት ቀን ይመላለሳል? እንቅልፉና ምግቡስ? «ለከፈው» ከሚለው ቃል ይልቅ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባለሙያውን ይረዳል።