የቡና ለቃሚው ትከሻ

በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች፣ በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ ባሉ የገበሬ ማሳዎችም ቀይ ቡና ሲደርስ፣ ለቃሚው ቀኑን ሙሉ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ይውላል። ማታ ጆንያ ይሸከማል። ትከሻው ሲታመም አዝመራው ሳያልቅ ከሥራ ይቀራል።

ክንድን አስሮ መተኛት ትከሻውን ይበልጥ ያደርቀዋል። ለአብዛኛው የትከሻ ሕመም ዋናው ሕክምና ቀስ በቀስ እየጠነከረ የሚሄድ እንቅስቃሴ ነው። በእንግሊዝ አገር 708 ሕሙማን የተካፈሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ አንድ ጊዜ በሚገባ ተመክረው እቤታቸው የሠሩትን እስከ ስድስት ጊዜ ባለሙያ ዘንድ ከተመላለሱት ጋር አነጻጽሮ በዓመቱ ልዩነት አላገኘም። የመርፌው ጥቅምም አነስተኛና የአጭር ጊዜ ነበር።

ስለዚህ መንገድ ለራቀው ቀበሌ የሚያዋጣው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል አንድ ጊዜ ሄዶ መመርመርና እንቅስቃሴውን መማር፣ ከዚያም በየቀኑ እቤት እየሠሩ በስልክ ክትትል ማግኘት ነው። ወድቆ ክንዱን ማንሳት ያቃተው ወይም ትከሻው አብጦ የሚያተኩሰው ግን ሳይዘገይ ሆስፒታል ይድረስ።

የማኅበራት መሪዎችም የታመመውን ከለቀማ አንስተው ቡና በመልቀሚያ አልጋ ላይ እንዲለይ ቢመድቡት፣ ሠራተኛውም የቀን ገቢውም ይተርፋሉ።