በነጻ ስለሚገኙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ጉድለትና ስለ ማመልከቻው አጻጻፍ

አንድ ፕሮፎርማ ከነጋዴው እጅ ከወጣ በኋላ ቃሉ እንደ ሆነ የተከበሩ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ባለፈው ዓመት በመስከረም ከመሥሪያ ቤታችን የወጣው ፕሮፎርማ ግን ጎድሎ ወጣ። ዋጋ የምናዘጋጅበት በነጻ የተገኘ ፕሮግራም፣ አዲሱ እትም ከተጫነ ወዲህ፣ ሠንጠረዡ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሲሻገር የተጨማሪ እሴት ታክሱን መሥመር ሳያትም ያልፍ ኖሯል። ገዢው ዋጋውን ታክስ እንደ ተጨመረበት አድርጎ ተቀበለው፤ አሠሪዬም ስማቸው እንዳይጎድፍ ብለው 15 በመቶውን ከራሳቸው ከፈሉ።

ጉድለቱን በጥቅምት ለፕሮግራሙ አዘጋጆች በጽሑፍ አመለከትሁ። እስከ ግንቦት ድረስ መልስ አልነበረም። በሰኔ «በአዲሱ እትም ላይም ይታያልን?» የሚል አንድ መሥመር መጣ። በሒሳብ መዝጊያ ሥራ ተይዤ ሳልመልስ ብቆይ፣ በሐምሌ ማመልከቻው ምላሽ በማጣቱ መዘጋቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ደረሰኝ፤ የላከውም ሰው ሳይሆን ማሽን ነበር። ሰባት ወር የጠበቅሁት ሰው አንድ ወር የሚጠብቀኝ በማጣቴ እጅግ አዘንሁ።

ከዚህ በኋላ አሠራሩን መረመርሁ። ኦፕን ሶርስ የሚባሉት ፕሮግራሞች ማንም ሰው ኮዳቸውን ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያድለው የተፈቀደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ ከነዚህ አንዱ ነው። ነገር ግን የሚሰጡበት ውል ዕቃው ያለ ዋስትና መቅረቡን በግልጽ ይናገራል። ደመወዝተኛ ሠራተኞች ያሏቸው ቢኖሩም፣ ብዙዎቹ የሚጠበቁት በትርፍ ጊዜያቸው በሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ሁሉ በሚያየው መዝገብ ነው። ሞዚላ፣ ለምሳሌ፣ ባግዚላ የተባለውን መዝገብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው ቀድሞ የቀረበ መሆን አለመሆኑን ካጣራ በኋላ፣ ጉድለቱን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ለማየት ይሞክራል። ያላየውን ጉድለት ለመጠገን እጅግ ይቸገራል።

የሰው ማነስም እውነት ነው። የኢንተርኔት ግብይትን ምስጢር ከሚጠብቁት አንዱ በሆነው በኦፕንኤስኤስኤል ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ሀርትብሊድ የተባለ ብርቱ ጉድለት ሲገኝ፣ በሙሉ ጊዜው የሚሠራለት ሰው አንድ ብቻ፣ በዓመት የሚያገኘው መዋጮም 2,000 ዶላር ያህል እንደ ነበረ ታወቀ። ታላላቅ ኩባንያዎች ግን ይገለገሉበት ነበር።

ይህ ሁሉ ቢሆንም፣ ጉድለቱ ሳይጠገን ማመልከቻውን በቀን ቁጥር መዝጋት ደግ ሥራ አይደለም። የዱቤ መዝገቡ ገጽ ስለ ሞላ ዕዳው ተከፈለ አይባልም። አዘጋጆቹ ጊዜ ከሌላቸው ይህንኑ መናገር ይበቃቸዋል።

በበኩላችን የሚከተለውን ብናደርግ ይጠቅመናል።

አንደኛ፦ በአንድ ማመልከቻ አንድ ጉድለት ብቻ ይጻፍ፤ የፕሮግራሙና የኮምፒዩተሩ ሥርዓት እትም ቁጥር ይጠቀስ።

ሁለተኛ፦ ምን ተደርጎ፣ ምን ተጠብቆ፣ ምን እንደ ተገኘ በተራ ይገለጽ። «አይሠራም» ብቻ ብሎ መጻፍ፣ የተሰበረውን ዕቃ ሳያሳዩ ካሣ እንደ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ፦ መዝገቡ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ፣ የደምበኛ ስምና እውነተኛ ዋጋ ያለበት ሰነድ ከቶ አይላክ፤ ለናሙና የተዘጋጀ ይላክ።

አራተኛ፦ አዲሱ እትም እስኪፈተን ድረስ አሮጌው አይነሣ።

አምስተኛ፦ ንግዱ በፕሮግራሙ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ለባለሙያ ተከፍሎ ይጠገን። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ጥገናውም ለአዘጋጆቹ ቢላክ ሌላው ነጋዴ ይጠቀምበታል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አጣሞ የተናገረም እንዲሁ ነው። እኔም ማመልከቻዬን በዚህ ሥርዓት እንደ ገና ጽፌ ልኬአለሁ። እስኪጠገን ድረስ ግን፣ ከመሥሪያ ቤታችን የሚወጣ ፕሮፎርማ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ታትሞ በየመሥመሩ ይነበባል።