ምዕራፍ 7፦ መርከብ ሳይሳፈሩ ውቅያኖስን ማጥናት

ስለ ውቅያኖስ ፊዚክስ ሙያ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ያናድዱኛል። አንደኞቹ «ወደብ የሌላት አገር ልጅ፣ ዋና እንኳ የማይችል፣ ከባሕር ምን አገባው?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ሦስት ወር ፓይተን ተማር፤ ዳታው በነጻ ነው፤ ሳሎንህ ቁጭ ብለህ ትሠራዋለህ» ይላሉ። አንደኞቹ ሙያውን የመርከበኛ ሥራ አድርገውታል፤ ሌሎቹ የኮምፒውተር ሥራ። ውቅያኖስን ከጠረጴዛ ሆኖ ማጥናት ኢንተርኔት ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም፤ ሙያው ሲወለድም እንዲያ ነበር። ዳታ ማግኘት ቀላል ነው። ከባዱ የደረሳችሁ ቁጥር ሲዋሻችሁ ማወቅ ነው።

ካለፈው ምዕራፍ የምንይዘው ይህን ብቻ ነው፦ እኛ የምናጠናው የውሃውን ሙቀት፣ ጨዋማነትና እንቅስቃሴ ነው፤ ዓሣውን ለባዮሎጂ ሰዎች ትተናል። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

መኮንኑና መምህሩ

ማቲው ሞሪ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በ1839 የተሳፈረበት ሠረገላ ተገልብጦ እግሩ ተጎዳና ከመርከብ ሥራ ቀረ። በ1842 ዋሽንግተን ውስጥ የካርታና የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ተደረገ። ሌላ ሰው ቢሆን አቧራ እያራገፈ ጡረታውን ይጠብቅ ነበር። ሞሪ ግን እዚያ የተከመሩትን አሮጌ የመርከብ መዝገቦች ይገልጥ ጀመር፦ ነፋሱ ከየት ነፈሰ፣ ውሃው ወዴት ገፋ፣ ሙቀቱ ስንት ነበር። ከእነሱ ለቅሞ በ1847 የሰሜን አትላንቲክን የነፋስና የባሕር ጅረት ካርታ አወጣ። ለካፒቴኖቹም ውል አቀረበላቸው፦ ካርታውን በነጻ ውሰዱ፤ በምትኩ የጉዟችሁን መዝገብ ላኩልኝ።

ይህን ሰው ብዙ መጻሕፍት «የኦሽኖግራፊ አባት» ይሉታል፤ እኔ የምጣላው እዚህ ላይ ነው። ሞሪ በመሰብሰብ ማንም አይስተካከለውም፤ ማብራራት ላይ ሲደርስ ግን ይሳሳታል። የገልፍ ጅረትን የሚነዳው ነፋስ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ በረዶ የሌለበት ክፍት ባሕር አለ ብሎም አመነ። በ1861 ደግሞ ባርነትን ለማቆየት ከተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጎን ተሰለፈ። ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ በስሙ የተጠራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ በ2021 ስሙ ተነሥቶ በከተማዋ መምህርት በኔኦሚ ብሩክስ ስም ተተካ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ የአባትነቱ ማዕረግ ግን ገና ከእሱ ላይ አልተነሣም፤ ክርክሬም በዚያ ነው። የሚገባው ለዊልያም ፈረል ነው።

ፈረል በ1817 የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። በልጅነቱ የጂኦሜትሪ ሥዕሎቹን በመንሽ ጫፍ በጎተራ በር ላይ ይጭር ነበር። አድጎ ቴነሲ ውስጥ፣ ከየትኛውም ባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር በምትርቀው ናሽቪል መምህር ሆነ። ሞሪ በ1855 ያሳተመውን የባሕር ጂኦግራፊ መጽሐፍ አነበበና አልዋጥልህ አለው። በ1856 መልሱን ጻፈ፤ ያሳተመውም፣ ልብ በሉ፣ በአንድ የሐኪሞች መጽሔት ላይ ነው! በዚያ ጽሑፍ የምድር መሽከርከር የሚንቀሳቀስን ነፋስና ውሃ በሰሜኑ የምድር ክፍል ወደ ቀኝ፣ በደቡቡ ወደ ግራ እንደሚያጣምም አሳየ። ዛሬ ያለዚህች ኃይል አንድም የባሕር ሞዴል አይሠራም። ወደብ የላችሁም ለሚሏችሁ ሰዎች መልሱ ናሽቪል ነው።

እስካሁን ያለውን ላጠቃልል፦ ሞሪ የሌሎችን ልኬት ሰበሰበ፤ ፈረል የሞሪን ስብስብ ጠየቀ። ከቤት የሚሠራ የውቅያኖስ ባለሙያ ሁለቱንም መሆን አለበት።

የነሐሷ አንጎል

ፈረል በኋላ ዋሽንግተን መጥቶ ለባሕር ዳርቻ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ሠራ፤ የአሜሪካን የመጀመሪያ የባሕር ሙላትና ጉድለት ማስሊያ ማሽንም ነደፈ። «የነሐሷ አንጎል» ያልኳት ተተኪዋ ማሽን ቁጥር 2 ዛሬ ያለችው እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (ኖዋ) ዘንድ ነው። ከሜትሮው ቀይ መስመር ወርዳችሁ ወደ ኢስት ዌስት ሃይዌይ ስታቀኑ ከነሐስ የተሠራ ትልቅ እጅ ወፎች ሲለቅ ታያላችሁ፤ መሥሪያ ቤቱ እሱ ነው። የጆርጂያ አቬኑና የፌንተን ስትሪት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶቻችን በእግር ይደረስባቸዋል።

ማሽኗ ከ1910 እስከ 1965 ሠርታለች፤ ክብደቷ 1,100 ኪሎ ገደማ ነው። 37 መዘውሮች አሏት፤ እያንዳንዱ የጨረቃን ወይም የፀሐይን አንድ የስበት ምት ይወክላል። ትልቁ ምት በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ የሚመለሰው የጨረቃ ምት ነው። በመዘውሮቹ ሁሉ ላይ አንድ ሰንሰለት ያልፋል፤ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ሲል ሰንሰለቱ ይደምራቸዋል፤ በጫፉ ያለው ብዕር የውሃውን ከፍታ ወረቀት ላይ ይስላል። የሚያሽከረክራት ሰው ባሕሩን ማየት አያስፈልገውም ነበር።

አሁን ስለ ሙላት የሚሰጠውን መጥፎ ማብራሪያ ዝም ብዬ አላልፍም። «ጨረቃ ውሃውን ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ምድር ከሥሩ ትዞራለች» ይባላል። እንዲያ ቢሆንማ ውሃው የሚሞላው ጨረቃ አናት ላይ ስትደርስ ነበር። አሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ታችኛው ጫፍ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ቁሙ። ከወንዙ አፍ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ገብታችኋል፤ ውሃው ግን በቀን ሁለት ጊዜ አንድ ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። ከአትላንቲክ ተነሥቶ፣ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ፣ ወንዙን ሽቅብ የወጣ ረጅም ሞገድ ነው፤ ስለዚህም የሚደርሰው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው። ሙላቱ ሲበረታ ውሃው በጎርፍ ማስወገጃው ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ውሃውን የሚያነሣው የባሕሩ ወለል ቅርፅና የሰርጡ ርዝመት ጭምር ነው፤ ጨረቃ ምቱን ትሰጣለች እንጂ ሰዓቱን ብቻዋን አትወስንም።

የዓለም ትልቁ ዕቁብ

ዛሬ የሞሪን ውል የሚሠራው አርጎ የተባለው ፕሮግራም ነው። 4,000 ያህል ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በዓለም ውቅያኖስ ተበትነዋል። አንዱ መሣሪያ ወደ 1,000 ሜትር ወርዶ ከጅረቱ ጋር ይጓዛል፤ በየ10 ቀኑ ወደ 2,000 ሜትር ይጠልቅና ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ ይወጣል፤ ውሃው ላይ ብቅ ብሎ ልኬቱን በሳተላይት ይልካል፤ ተመልሶም ይሰምጣል።

እኔ አርጎን ዕቁብ እለዋለሁ። 30 ገደማ አገሮች መሣሪያ ይጥላሉ፤ የሚሰበሰበው ለሁሉም ይደርሳል፤ ያውም ያለ ዕጣ፣ ያውም በየቀኑ። ያልጣለም ይደርሰዋል፤ ኢትዮጵያ አንድ መሣሪያ ሳትጥል ሙሉውን ታነሣለች። ዕቁቡ ዳኛ አለው፤ አስተባባሪው ጉባኤ ነው። ጸሐፊ አለው፤ በየአገሩ ዳታ የሚመዘግበው ማዕከል ነው። ዋስም አለው፦ መሣሪያው አንዴ ከተጣለ ተመልሶ ስለማይፈተሽ፣ ለልኬቱ ታማኝነት ዋስ የሚሆኑት ጎረቤት መሣሪያዎችና በአጠገቡ ያለፈ መርከብ የለካው ናቸው። ዋስ ሲጠፋስ? ያኔ ጥልቁ ውሃ ራሱ ለዋስነት ይጠራል፤ ሙቀቱም ጨውም ለዓመታት ብዙም ስለማይለወጥ መሣሪያው ሲንሸራተት ያጋልጠዋል። ሐሰተኛ ብር የሚጥልም አለ። የዕቁቡ ጠላና ቆሎ ምኑ እንደሆነ ግን እስካሁን አላገኘሁለትም፤ አንባቢ ይፈልግልኝ።

ሐሰተኛውን ብር ያነሣሁት በምክንያት ነው። በ2006 ጆን ላይማን፣ ጆሽ ዊሊስና ግሪጎሪ ጆንሰን የላይኛው ውቅያኖስ ከ2003 እስከ 2005 ቀዝቅዟል የሚል ጽሑፍ አወጡ። የምድር ሙቀት መጨመር ቆመ ብለው የጨፈሩ ነበሩ። ነገር ግን ሳተላይቶች የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ መሆኑን ይናገራሉ። ውሃው እየቀዘቀዘ እንዴት ያብጣል? ዊሊስ ወደ መዝገቡ ተመለሰ። የተወሰኑ የአርጎ መሣሪያዎች ግፊታቸው በተሳሳተ መንገድ ተመዝግቦ፣ የጥልቁን ቀዝቃዛ ውሃ ልኬት ከእውነተኛው ቦታው ከፍ አድርገው አስቀምጠውት ነበር። ከመርከብ የሚወረወሩት አሮጌዎቹ የሙቀት መለኪያዎች ደግሞ በተቃራኒው ውሃውን ከሆነው በላይ ሞቅ ያለ ያስመስላሉ፤ ምክንያቱም ጥልቀትን አይለኩም፤ የወደቁበትን ጊዜ ቆጥረው ይገምታሉ። በሞቁት አሮጌዎች ፋንታ የቀዘቀዙት አዲሶች ሲበዙ ባሕሩ ራሱ የቀዘቀዘ መሰለ። በ2007 እርማቱ ወጣ፤ ቅዝቃዜውም ጠፋ። ይህ ሁሉ የተደረገው መርከብ ላይ አይደለም። ሦስት መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያልተስማሙበትን በመጠየቅ ነው። ፓይተን መቻል ለዚህ ያስፈልጋል፤ ይህን ግን አያስተምርም።

ከራሴ ሥራ አንድ ልጨምር። ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ የመርከብ ልኬት ደረሰኝ። ቦታው 20 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.5 ዲግሪ ምዕራብ፤ መሐል አትላንቲክ። በ1,000 ሜትር ጥልቀት ሙቀቱ 22 ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ ጨዋማነቱ ከ40 በላይ። ፕሮግራሙ «የማይሆን» ብሎ ጣለው። እውነቱን ነው፤ አትላንቲክ እዚያ ጥልቀት 7 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ጨዋማነቱም 35 አካባቢ። እኔ ግን ያን ውሃ አውቀዋለሁ። በምዕራብ ፋንታ ምሥራቅ ብላችሁ ጻፉት፤ ነጥቡ ቀይ ባሕር መሐል ያርፋል። ከፀሐዩ የተነሣ ይተናል፤ ዝናብ የለውም፤ በሰሜኑ ጫፍ በብርድ ወራት የሚቀዘቅዘው ጨዋማ ውሃ ሰምጦ ጥልቁን ይሞላዋል። ባብ ኤል መንደብ ላይ ያለው ደፍ ከ140 ሜትር ስለማይጠልቅ ቀዝቃዛው የሕንድ ውቅያኖስ ጥልቅ ውሃ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ቀይ ባሕር እስከ ወለሉ ሙቅ ነው። አንዲት ፊደል ተስተካክላ ልኬቱ ከሞት ተነሣ። ባለሙያ የሚቀጠረው ለዚህ ነው።

ስለ እንጀራው

አሁን ቅጥሩ። በአሜሪካ መንግሥት የሥራ ምድብ ኦሽኖግራፈር ቁጥር 1360 ነው። የኦሽኖግራፊ ዲግሪ ብቻ አይጠይቅም፤ የፊዚክስ፣ የሒሳብ፣ የሜትሮሎጂ ወይም የምሕንድስና ኮርሶችም ይቆጠራሉ። ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የፊዚክስ ዲግሪ ዕውቅና ባለው የምዘና ድርጅት ተመዝኖ ሊቀርብ ይችላል። ሆኖም የፌዴራል ቅጥር በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው የሚሞክረው ለመሥሪያ ቤቶቹ የሚሠሩትን ኮንትራክተሮችና ዩኒቨርሲቲዎቹን ነው፤ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከኖዋም፣ ግሪንቤልት ካለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከልም ጋር ይሠራል።

ከቤት መሥራቱስ? በጃንዋሪ 2025 የፌዴራል ሠራተኞች ወደ ቢሮ እንዲመለሱ ታዘዘ፤ በፌብሩዋሪ ከኖዋ የሙከራ ጊዜያቸውን ያልጨረሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰናበቱ። እና «ሪሞት» የሚለውን ቃል ማስታወቂያ ላይ አይታችሁ ሕይወታችሁን አትሥሩበት። የሚያዛልቀው የማንም ቢሮ የማይሰጥና የማይነጥቅ ነገር ነው፦ አንድ ባሕር፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ስሕተቱን ከማንም በላይ የምታውቁት። ያን የያዘ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግም ጎንደርም ቢቀመጥ ይፈለጋል።

የትኛውን ባሕር? ለእኛ ምርጫው ግልጽ ነው። ኤል ኒኞ የፓስፊክን ምሥራቅ ሲያሞቅ የኢትዮጵያ ክረምት ይሳሳል፤ በ2015 እንዲያ ሆኖ በዓመቱ መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ሞቆ ምሥራቁ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሶማሌና የቦረና የመከር ወራት ዝናብ ይበረታል፤ በ2019 አይተነዋል። አርሶ አደሩ ጤፍ የሚዘራበትን ሳምንት የሚወስነው ውሃ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው ያለው፤ ያን ውሃ የሚለኩት መሣሪያዎች ዳታ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ የቤት ሥራው ይኸው። ከአርጎ ማዕከላት አንድ የቀይ ባሕርና አንድ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ልኬት አውርዱ፤ ሙቀቱን ከጨዋማነቱ ጋር በአንድ ሥዕል ላይ አስቀምጡ። ከልኬቱ ጋር የሚመጣውን የጥራት ምልክት አትመኑት፤ መጀመሪያ ራሳችሁ ፍረዱ፣ ከዚያ አወዳድሩ። የተለያያችሁበትን ነጥብ ምክንያቱን እስክታገኙ አትልቀቁት። ሥራ ስታመለክቱ ከሠርተፊኬቶቻችሁ በፊት የምታቀርቡት ያችን አንዲት ነጥብ፣ ከነምክንያቷ፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ነው።